ሹፌር የሌለው መኪና እና አደራ
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር)

  

የዛሬው ዝግጅታችን መነሻ ከአንዲት እናት የደረሰን ደብዳቤ ነው። የእኚህ እናት ልጅ የሚኖረው በአሜሪካ፣ ፊኒክስ በምትባል ከተማ ነው። ሰሞኑን በስልክ ቪዲዮ ልኮላቸዋል። ልጁ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል፤ የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። መሪው ብቻውን ይዞራል፤ መኪናው ቀይ መብራት ላይ ይቆማል፤ አረንጓዴ ሲበራ ይሄዳል። «ልጄ እየሳቀ ያሳየኛል፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ» ይላሉ እናታችን። ቀጥለውም ሁለት ጥያቄ ያቀርባሉ። ይህ ነገር ይታመናል ወይ? ሰው ቢገጭስ ማን ይጠየቃል?

በአገራችን ጎዳና ላይ እንዲህ ያለ ታክሲ የለም። ይሁንና ብዙ ወገኖቻችን ሠርተው በሚያድሩበት አገር ገብቷል። በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ ከ2020 ጀምሮ ማንም ሰው ጠርቶ ይሳፈርበታል። በአቡ ዳቢም፣ በመጀመሪያ ከተቆጣጣሪ ሰው ጋር፣ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ስለዚህ የእናታችን ጭንቀት የብዙ ቤተሰብ ጭንቀት ነውና በዝርዝር ልናየው ወደድን።

በመጀመሪያ መኪናው እንዴት እንደሚሄድ እንይ። መኪናው መንገዱን የሚያየው በካሜራ፣ በራዳርና ላይዳር በሚባል መሣሪያ ነው። ላይዳር የሌዘር ብርሃን ወደ ዙሪያው እየላከ፣ ብርሃኑ ነክቶ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ በመለካት የነገሮችን ርቀትና ቅርጽ ያውቃል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ይህ እግረኛ ነው፣ ይህ ብስክሌት ነው፣ ይህ የቆመ መኪና ነው እያለ ይለያል። ቀጥሎ ወዴት እንደሚንቀሳቀሱ ይገምታል፤ በግምቱ መሠረትም ይነዳል ወይም ፍሬን ይይዛል። ነገሩ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ግምት ላይ መሆኑን ያዙልን።

ሁሉም «ራሱን የሚነዳ» የሚባል መኪና አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። ባለሙያዎች ከ0 እስከ 5 ባለው ቁጥር ደረጃ ያወጡለታል። እስከ 2ኛው ደረጃ ያሉት ሹፌሩን የሚያግዙ ብቻ ናቸው። መሪውን ቢያዞሩም ፍጥነቱን ቢጠብቁም ኃላፊው ሰውየው ነው፤ ዓይኑን ከመንገዱ ሊያነሳ አይገባም። ቴስላ የተባለው ኩባንያ በታኅሣሥ 2023 በአሜሪካ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪኖቹን ለእርማት የጠራው፣ እገዛውን የሚጠቀሙ ሹፌሮች እንዳይዘናጉ የሚያደርገው መቆጣጠሪያ በቂ ሆኖ ስላልተገኘ ነበር። የእናታችን ልጅ የተሳፈረበት ግን 4ኛ ደረጃ ነው። በተወሰነለት ክልል ውስጥ ያለ ሹፌር ይሄዳል።

እንግዲህ ይታመናል ወይ ወደሚለው እንምጣ። ሚዛናዊ ለመሆን በቅድሚያ ሰው ሲነዳ ምን እንደሚሆን መመልከት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ፍጥነት፣ መጠጥ፣ ድካምና የስልክ ወሬ የብዙውን ሰው ነፍስ ይቀጥፋሉ። ኮምፒውተር አይሰክርም፤ እንቅልፍ አይጥለውም፤ ተናዶም ሌላውን ልቅደም አይልም። በዚህ በኩል የሚጠበቀው ጥቅም ቀላል አይደለም።

ማስረጃም አለ። ዌይሞ የተባለው ኩባንያ ስዊስ ሪ ከተባለው የመድን ኩባንያ ጋር ሆኖ በ2024 ባወጣው ጥናት፣ መኪኖቹ ያለ ሹፌር 25.3 ሚሊዮን ማይል፣ ማለትም ከ40 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ሄደዋል። በሰው ከሚነዱ መኪኖች ጋር ሲነጻጸር ለንብረት ጉዳት የቀረበው የካሣ ጥያቄ በ88 በመቶ፣ ለአካል ጉዳት የቀረበው በ92 በመቶ ያነሰ ነበር። ይህ ጥሩ ዜና ነው። ግን ጥናቱን ኩባንያው ራሱ የተሳተፈበት መሆኑን፣ መኪኖቹም የሚሄዱት በተመረጡ ከተሞች መሆኑን መርሳት የለብንም። በአሜሪካ ሰው ሲነዳ አንድ ሰው የሚሞተው በ100 ሚሊዮን ማይል ገደማ ነው። ስለዚህ ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በ2016 እንዳሰላው፣ መኪናው በሞት አደጋ ረገድ ከሰው እንደማያንስ በቁጥር ለማረጋገጥ አንድም ሰው ሳይሞትበት 275 ሚሊዮን ማይል መሄድ ይኖርበታል።

ሕዝቡስ ምን ይላል? የአሜሪካ የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር በ2025 ባደረገው መጠይቅ ከ100 ሹፌሮች 61ዱ በእንዲህ ያለ መኪና መሳፈር እንደሚፈሩ ተናግረዋል፤ እንተማመናለን ያሉት 13 ብቻ ናቸው። ቁጥሩ መልካም ሆኖ ሳለ ሰው ለምን ፈራ? ሁለት አደጋዎችን እናንሳ።

የመጀመሪያው የደረሰው ማርች 18 ቀን 2018 ሌሊት፣ በአሪዞና ግዛት ቴምፔ ከተማ ነው። የኡበር የሙከራ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ አንዲት የ49 ዓመት ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እንዳረጋገጠው መኪናው ሴትየዋን ከመግጨቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አይቷታል። ነገር ግን አንዴ መኪና፣ አንዴ ብስክሌት፣ አንዴ ያልታወቀ ነገር እያለ ግምቱን ለዋወጠ። ሶፍትዌሩ ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ ሰው ሊሻገር እንደሚችል ታስቦ አልተሠራም ነበርና። ፋብሪካው የገጠመለት የድንገተኛ ፍሬንም በሙከራው ወቅት እንዳይሠራ ተደርጓል። ለጥንቃቄ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪ ደግሞ በስልኳ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ትከታተል ነበር። በመጨረሻ በወንጀል የተጠየቀችው ተቆጣጣሪዋ ናት። በ2023 ጥፋቷን አምና የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት ተፈረደባት። ዐቃቤ ሕግ ኩባንያውን በወንጀል የሚያስጠይቅ መሠረት አላገኘሁም ብሎ ነበር።

ሁለተኛው ኦክቶበር 2 ቀን 2023 በሳን ፍራንሲስኮ የደረሰው ነው። ሰው የሚነዳው አንድ መኪና አንዲት እግረኛ ገጭቶ፣ ክሩዝ የተባለው ኩባንያ ሹፌር አልባ መኪና ፊት ወረወራት፤ ሹፌሩም አመለጠ። የክሩዝ መኪና ፍሬን ቢይዝም ገጫትና ቆመ። ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ሴትየዋ ከሥሩ መሆኗን ስላላወቀ ከመንገድ ዳር ልውጣ ብሎ 6 ሜትር ያህል ጎተታት።

እስከዚህ ድረስ የማሽን ስህተት ነው። አስተውሉ፣ አደጋውን የጀመረው ሰው እንጂ ማሽን አልነበረም። ኩባንያው ግን ለተቆጣጣሪዎች ሲያስረዳ የመጎተቱን ነገር በግልጽ አልተናገረም። ነገሩ ሲታወቅ የካሊፎርኒያ ግዛት በዚያው ወር ፈቃዱን አገደ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም በኅዳር ሥራውን ለቀቀ። በ2024 ክሩዝ ለፌዴራል መንግሥቱ ሐሰተኛ ሪፖርት ማቅረቡን አምኖ 500,000 ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በዓመቱ መጨረሻ ባለቤቱ ጄኔራል ሞተርስ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያፈሰሰበትን የታክሲ ሥራ ጭራሽ ተወው።

ውድ አድማጮቻችን፣ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ያገኙበትን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ተናገረ። ዝናቡ የነጋዴው ጥፋት አልነበረም። የተወቀሰው እርጥቡን ከሥር ሸሽጎ ደረቁን ከላይ በማሳየቱ ነው። የክሩዝም ነገር ከዚህ የራቀ ሆኖ አላገኘነውም። አደጋው ዝናቡ ነበር፤ እምነት ያሳጣው ግን የተሸሸገው እርጥብ እህል ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። መኪናው የሚታመነው «ስህተት የለብኝም» ስለተባለለት አይደለም። ስህተቱ ሳይሸሸግ ሲነገርና ሲታረም ነው። አሜሪካ ከ2021 ጀምሮ ኩባንያዎች አደጋዎችን ለመንግሥት እንዲያሳውቁ ማስገደዷ ተገቢ ነው። የዌይሞ መኪኖች ተማሪ ለማውረድ የቆመ የትምህርት ቤት አውቶቡስን እያለፉ መሄዳቸው ታይቶ ኩባንያው በ2025 ሶፍትዌሩን ለእርማት ጠርቷል። መልካም ቁጥር ያለው እንኳ ጉድለት እንደማያጣው ከዚህ እንማራለን። ለልጆቻችን ሲባል ቁጥጥሩ ሊላላ አይገባም።

ማን ይጠየቃል ለሚለው ደግሞ፣ በሃይማኖታችን በስህተት የጠፋ ነፍስ እንኳ ዲያ አለበት፤ የሰው ደም ባለቤት አጥቶ አይቀርም። በቴምፔ ያየነው ግን ፍሬኑን ያጠፋው ሳይጠየቅ ወንበሩ ላይ የነበረችው ብቻ ስትጠየቅ ነው። አገሮች ይህን ለማስተካከል ሕግ ማውጣት ጀምረዋል። ብሪታንያ በ2024 ባወጣችው ሕግ መኪናው ራሱን በሚነዳበት ጊዜ ለአነዳዱ ተጠያቂ የሚሆነው ፈቃድ ያገኘው ድርጅት እንጂ የተቀመጠው ሰው አይደለም። እኛም ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው እንላለን። ከመሪው ጀርባ ሰው ባይኖርም፣ ከማሽኑ ጀርባ አደራ የተቀበለ ሰው አለና።

እናታችን ሆይ፣ እንቅልፍዎን አያጡ። ልጅዎ የሚሄድበት መኪና እስካሁን በታየው መረጃ ብዙ ሰዎች ከሚነዱት የከፋ አይደለም። ሲደውልልዎ ግን ይህን ይንገሩት። ቀበቶውን ይሰር። በሩን ከመክፈቱ በፊት ብስክሌት ወይም መኪና እንዳይመጣ ዞሮ ይይ። መንገድ ሲያቋርጥም ማሽኑ አይቶኛል ብሎ አይተማመን። ራሱ መኪና ከገዛና «ይነዳልሃል» ካሉት፣ ኃላፊው እሱ ነው ወይስ ኩባንያው ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ። እኛም እዚህ በየማለዳው ነፍሳችንን ለማናውቀው የሚኒባስ ሹፌር አደራ ሰጥተን እንወጣለን። በስልክ እያወራ ሲነዳ ዝም ካልነው፣ የሩቁን ማሽን መፍራታችን ብቻውን አይጠቅመንም።

አላህ ወጥተው የሚገቡትን ሁሉ በሰላም ይመልስልን። አደራ የተቀበሉትንም እውነት ተናጋሪዎች ያድርጋቸው። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።