አሮጌ ገንዘብ ሲገዙ ስለ ዋጋና ስለ ክርክር
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ለሥራ ተዛውሮም ሆነ ለጉብኝት ወደ ሐረር የሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ፥ በጀጎል ግንብ ውስጥ የጥንት ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆችና ቤቶች ጠገራ ብር፥ የምኒልክ ብር፥ ዕድል ከቀናውም የሐረር አሚሮች እስከ ጨለንቆ ጦርነት፥ ማለት እስከ 1879 ዓ.ም.፥ በየጊዜው በገዛ ከተማቸው ያሳተሙትን ትንሹን መሐለቅ ሊያይ ይችላል። የአባቶችን ገንዘብ በክብር ማስቀመጥ መልካም ነገር ነው። ይሁን እንጂ ዋጋውን ሳያውቁ መግዛት ለደመወዝተኛ ጉዳት ነው፤ ዋጋውን እያወቁ የቸገረውን ሻጭ ማጉደል ደግሞ በደል ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ከሁለቱ መካከል ስላለው ቀና መንገድ ይሆናል።

ከሁሉ በፊት፥ በጠገራ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት ዕድሜውን እንደማይናገር ዕወቁ። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ የታተመው ጠገራ ሁሉ ይህንኑ ዓመት እንደያዘ ቀረ። በ20ኛው መቶ ዓመት እንኳ ከቪየና ሌላ በሮማ፥ በለንደን፥ በፓሪስ፥ በብራሰልስና በቦምቤይ ታትሟል። ስለዚህ ሻጩ በተጻፈው ዓመት ቢምልላችሁ ዋጋ አትጨምሩ።

ሁለተኛው ነገር ሒሳብ ነው። ጠገራው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ነው። በዓለም ገበያ ብር የሚሸጥበት አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ፥ በአንድ ጠገራ ውስጥ ያለው ብር የአውንሱን ሦስት አራተኛ ያህል ነው ማለት ነው። ለስሌት ያህል አውንሱ 4 ሺህ ብር ቢሆን፥ የጠገራው ብርነት ብቻ 3 ሺህ ብር ያወጣል። የዕለቱን ዋጋ ጠይቃችሁ ይህን ስሌት በማስታወሻችሁ ሳትጽፉ ከቤት አትውጡ።

የምኒልክ ብርም በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ መታተም ሲጀምር፥ ክብደቱ ከጠገራው ጋር እንዲተካከል ተደርጎ ነበር። ሰብሳቢ ከብርነቱ በላይ የሚከፍለው ለመልኩ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ፊት፥ የአንበሳው ጎፈርና ፊደሉ ጎልተው ከታዩ ዋጋው ይወጣል። ለአንገት ጌጥ የተበሳ፥ ቀለበት የተበየደበት ወይም እንዲያበራ ተብሎ የተፈተገ ከሆነ ግን ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ የገዛችሁትን ገንዘብ በአመድም ሆነ በሌላ ነገር አትፈትጉ።

ማታለል ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የተጻፈበትን ክቡን የመዳብ 25 ሳንቲም አንዳንዶች ብር እየቀቡ በ50 ሳንቲም ስም ያሳልፉት ስለነበር፥ በኋላ ጠርዙ በጥርስ መልክ እንዲሆን ተደረገ። እናንተም ትንሽ ሚዛንና ማግኔት ያዙ። ማግኔት የሚስበው ገንዘብ ብር አይደለም፤ ማግኔት ያልሳበው ሁሉ ግን ብር ነው ማለት አይደለም። በጠገራው ጠርዝ ዙሪያ ጎላ ብሎ የተጻፈ የላቲን ፊደል መኖሩንም ተመልከቱ።

ወደ ክርክሩ ስንመጣ፥ መጀመሪያ ሰላምታ ይቅደም፤ በሐረር ገበያ ሳይጠያየቁ ዋጋ መጥራት ነውር ነው። የምትፈልጉትን ለይታችሁ ሳታሳዩ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ተመልከቱ። ዋጋውን ሻጩ ይጥራ፤ እናንተም ጉድለቱን ሳታንቋሽሹ፥ «ይህ ተበስቷል፤ ይህኛው ተፍቋል» ብላችሁ በእርጋታ አሳዩት። ሁለት ሦስት አብራችሁ ብትገዙ ሻጩ መቀነስ ይቀለዋል። የቆረጣችሁት ወሰን ካለፈ አመስግናችሁ ውጡ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ነገ ተመልሶ መምጣት አያሳፍርም።

ነገር ግን አንድ ወሰን አለ። አንዲት አሮጊት የእናቷን ጌጥ ፈትታ ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ብትሸጥ፥ የብሩን ዋጋ አለማወቋን እንደ ትርፍ መቁጠር አይገባም። ከብርነቱ ዋጋ በታች የጠራች እንደሆነ «እማማ፥ ሚዛኑ ይህን ያህል ያወጣል» ብሎ መንገር የተማረ ሰው ግዴታ ነው። ገዢው ከብርነቱ በላይ ባለው ነገር ላይ ይከራከር እንጂ በድህነቷ ላይ አይከራከር።

በመጨረሻም፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ከልክሏል፤ ወደ ውጭ ለሚሄድ ወዳጅ ስጦታ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አስቡ። የገዛችሁትን የት፥ መቼና በስንት እንደሆነ ጽፋችሁ አኑሩ። ከመግዛታችሁ በፊትም በጀጎል በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ጎብኙ፤ እውነተኛውን አስቀድሞ ያየ ዓይን በሐሰተኛው ቶሎ አይታለልም።