ስም ሲሸፈን ምላስ ምን ይላል?
(በማኅበራችን የሃያ አምስተኛ ዓመት ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ «ስለ ቅምሻው ምሽት እናንተ ተናገሩ» ሲለን፣ እኛ ሱቅ ይዘን የምንኖር ባልና ሚስት እንጂ ተናጋሪዎች ስላልሆንን ለማምለጥ ሞክረን ነበር። አልሆነልንም። ነገሩ ከእኛ ሱቅ የተነሣ ስለሆነ ሌላ ሰው ቢናገረው ግማሹ ይቀራል።

ብዙዎቻችሁ ባለፈው ዓመት በአዳራሻችን የተደረገውን ቅምሻ ታስታውሳላችሁ። ያልነበራችሁ ደግሞ ከሰው ሰምታችኋል፤ ከሰው የተሰማው ግን እንደ ልማዱ ቅመም በዝቶበታል።

ሐሳቡን ያመጡት እዚህ ናይሮቢ በሆቴል ቤት የሚሠሩ ወጣቶቻችን ናቸው። እነሱ በሙያቸው ወይን ጠጅ ሲማሩ ጠርሙሱ በከረጢት ይሸፈናል፤ ስሙም፣ አገሩም፣ ዋጋውም ሳይታይ በቁጥር ብቻ ይቀዳል። ቀማሹ የሚፈርደው ብርጭቆው ውስጥ ባለው ብቻ ነው። የሚሸፈነው ጠርሙሱ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። ይህን የምንለው አንድ አባታችን ያን ምሽት ፎጣ ዓይናቸው ላይ አስረው ስለመጡ ነው።

የዚህ ነገር ታሪክ በተለይ ለነጋዴ ይጥማል። ስቲቨን ስፐሪየር የሚባል እንግሊዛዊ ፓሪስ ውስጥ የወይን ጠጅ ሱቅ ነበረው፤ እንደ እኛ ባለሱቅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1976 ዘጠኝ ስመ ጥር ፈረንሳውያን ቀማሾችን ሰብስቦ የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይን ጠጅ ስሙን ሸፍኖ አስቀመሳቸው። በዚያን ጊዜ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማቅረብ እንደ ቀልድ ይታይ ነበር። ነጥቡ ሲደመር ግን ከነጩ ሻቶ ሞንተሌና፣ ከቀዩ ስታግስ ሊፕ አንደኛ ወጡ። ሁለቱም የካሊፎርኒያ፣ ሁለቱም የ1973 ምርት ነበሩ። ሰዎቹ ሙያቸውን የማያውቁ ሆነው አይደለም። የሚያውቁት ስም ተሸፍኖ ስለነበረ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አጥብቀው የመረመሩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት ፈረንሳይ አገር ቦርዶ ውስጥ ለ54 የወይን ጠጅ ተማሪዎች ነጩን ወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ አድርገው ሰጧቸው። ተማሪዎቹም ለቀይ ወይን ጠጅ በሚነገረው ቃል ገለጹት። ሮበርት ሆጅሰን የሚባሉ አሜሪካዊ ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህርና ራሳቸውም ወይን ጠጅ አምራች ነበሩ። እሳቸው በካሊፎርኒያ ውድድር ለዳኞች ሳይነግሩ ከአንድ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አስቀዱላቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጽሑፍ ለዚያው ወይን ጠጅ ሦስቱንም ጊዜ ተቀራራቢ ነጥብ የሰጡት ዳኞች ከአሥር አንድ ያህል ብቻ መሆናቸውን ገለጹ። ባለሙያ ቀማሽ እንዲህ ከሆነ እኛ እንዴት ልንሆን ነው ብለን ሳቅን። ሳቃችን ብዙ አልቆየም።

በመጀመሪያው ዙር አራት ቀይ ወይን ጠጅ ቀረበ። ሁለቱ የደቡብ አፍሪካ፣ አንዱ የዚሁ የኬንያ የናይቫሻ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ጉደር ነበር። «ጉደርን በእንቅልፍ ልቤም ቢሆን አውቀዋለሁ» ያሉ ብዙ ነበሩ። በቁጥር ሲመጣ ግን ለይተው የጻፉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከሁሉ አብልጠው የማሉት ሰው ጉደሩን «ይህ የጣሊያን ነው፤ ፓስታ ይፈልጋል» ብለው ጽፈውለታል። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር።

ሁለተኛው ዙር የጠጅ ነበር። ወደ እሱ ከመግባታችን በፊት ግን ወደኋላ መመለስ አለብን።

በማኅበራችን በዓላት ለብዙ ዓመታት ጠጅ የሚጥሉልን አንዲት እናታችን ነበሩ። ስማቸውን አንጠራም፤ ዛሬ እዚህ አሉ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀን ነው የምንናገረው። ማሩ የዚሁ አገር የኪቱይ ማር ነው፤ ጌሾው ከአገር ቤት ይመጣል፤ ሁለቱንም ከእኛ ሱቅ ይወስዳሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ወሬ ተነሣ። «የኬንያ ማር ጠጅ አይወጣውም፤ ይህ ጠጅ ስኳር አለበት» ተባለ። ማን እንደጀመረው ዛሬም አናውቅም። ወሬው ከአንዱ የቡና ስኒ ወደ ሌላው ሲዞር ኮሚቴው ለፋሲካ ሌላ ጠጅ ጣይ ፈለገ፤ በአውሮፕላን በመጣ የአገር ቤት ማር ማስጣል ጀመረ። እናታችን ምንም አላሉም። ስብሰባ መምጣቱን ብቻ ተዉ፤ ቀጥሎም የወሩን ማኅበር፤ በኋላ በልቅሶ ቤት ካልሆነ የማናያቸው ሆኑ።

የኬንያ ማር ጠጅ አይወጣውም የሚለው ራሱ መነሻ የለውም። የኪኩዩና የካምባ ሰዎች ሙራቲና የሚባለውን የማር መጠጥ ከጥንት ጀምሮ ሲጥሉ ኖረዋል፤ የሚያፈሉትም ሙራቲና በሚባለው ዛፍ ደረቅ ፍሬ ነው። ማር ማር ነው፤ ልዩነቱ ንቧ የቀሰመችው አበባ ነው።

አሁን የእኛ ነገር ይመጣል። ለአንድ መቶ ሊትር ጠጅ አንዱን ማር ለአራት ውኃ ብንል ሠላሳ ኪሎ ያህል ማር ይሄዳል። እናታችን ለእያንዳንዱ በዓል ስንት ኪሎ እንደወሰዱ በዱቤ ደብተራችን ከነቀኑ ተጽፎ ነበር። ሠላሳ፣ ሠላሳ ሁለት፣ አንድ ጊዜ ሠላሳ አምስት። ስኳር የሚያገባ ሰው ይህን ያህል ማር አይገዛም። ደብተሩን ይዘን ኮሚቴው ፊት ብንቀርብ ወሬው በአንድ ቀን ይሞት ነበር። አልቀረብንም። «በሰው ነገር አንግባ» ተባባልን። እውነቱን ለመናገር ግን ከአገር ቤት የሚመጣውን ማር እጥፍ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ዋጋ የምንሸጠው እኛው ነበርን፤ ወሬው ለገበያችን ተመችቶ ነበር። ይህንን ለሁለት ዓመት ተሸክመን ቆይተናል። ይቅርታውን መጀመሪያ ቤታቸው ሄደን ጠይቀናል፤ ዛሬ ደግሞ ወሬው በሰው ፊት እንደተወራ በሰው ፊት እንጠይቃለን።

ለቅምሻው ጠጅ እንዲጥሉልን ስንለምናቸው «በስተርጅና ልትፈትኑኝ ነው?» አሉን። «የሚፈተኑት እርስዎ አይደሉም» አልናቸው። ዝም ብለው ቡናቸውን ጨረሱና «ጌሾው ያለፈው ዓይነት ከሆነ አልነካም» አሉ። መስማማታቸው ነበር።

ወጣቶቹ አራት ኩባያ አዘጋጁ። ብርሌ አልተጠቀሙም፤ ብርሌ ቀለሙን ያሳያል፣ ጠጁ ደፍረስ ካለም ያሳብቃል፤ ስለዚህ ውስጡ የማይታይ የሻይ ኩባያ መረጡ። አንደኛውና ሦስተኛው ኩባያ ከአንድ ጋን፣ ከእናታችን ጠጅ የተቀዱ ናቸው። ሁለተኛው የአገር ቤት ማር ጠጅ ነው። አራተኛው ልጆቹ በስኳርና በቢጫ ቀለም የሠሩት ነው። እኛ ዕቃውን አስረክበን ወጣን፤ የትኛው ቁጥር የቱ እንደሆነ አልነገሩንም። ለቀማሹ የተነገረው «ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለዩ። ስኳር ያለበት ካለም ጻፉ» የሚል ብቻ ነበር።

ሃያ ሰባት ሰው ቀመሰ። አንድና ሦስት አንድ መሆናቸውን ያገኙት አሥር ናቸው። አንድ ልጃችን ወዲያው አሰላው፤ ሁሉም ሳይቀምሱ ዝም ብለው ቢገምቱ ዘጠኝ ሰው ይመታ ነበር። ስለዚህ የእኛ ሁሉ ምላስ ከግምት የበለጠው በአንድ ሰው ነው። ከእኛ ከባልና ሚስቱም አንዳችን አገኘን፣ አንዳችን ሳትን፤ የትኛችን እንደሳትን ግን እዚህ አንናገርም። አንድ ሰው አንደኛውን «ስኳር ያለበት» ብለው፣ ሦስተኛውን «ይህ ነው የጎጃም ማር!» ብለው ጻፉ። ከአንድ ጋን፣ በአንድ ማንቆርቆሪያ የተቀዳ ጠጅ ነው።

ምላስ ከንቱ ነው ማለታችን ግን አይደለም። አራተኛውን ኩባያ ስኳር ነው ብለው የጻፉት ሃያ ሁለት ሰዎች ናቸው። ቀጭን ነው፣ ጉሮሮ ላይ አይቆይም፣ ጣፋጩ ቀድሞ ይመጣና ባዶ ይሆናል አሉ። ትልቁን ልዩነት ምላሳችን ያውቀዋል ማለት ነው። ያን ጊዜም ወሬውን ትተን ጠጁን ብንጠይቀው ኖሮ መልሱ በእጃችን ነበር።

እናታችንም ቀምሰዋል። አንድና ሦስት የአንድ ጋን መሆናቸውን አሽትተው ብቻ ለዩ። ከዚያ «የእርስዎ የትኛው ነው?» ተባሉ። «ሁለት» አሉ፤ ተሳሳቱ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ቁጥሩ ሲነበብ እሳቸው ቀድመው ሳቁ። «ታዲያ የጣፈጠኝን የኔ ነው አልኩ፤ ምን ላድርግ!» አሉ። ከሁለት ዓመት በላይ ያልሰማነው ሳቅ ነበር። ወዲያው የሁለቱን ጠጅ ጠጅ ጣይ ጠርተው ጌሾውን በስንት ቀን እንዳወጡት ሲጠይቁ ሰማናቸው፤ ሁለቱ ሴቶች እስከ መጨረሻው አብረው ተቀመጡ።

በቤታችሁ መሞከር ለምትፈልጉ ጥቂት እንንገራችሁ። የሚቀዳው ሰው አይቅመስ፣ ከቀማሾቹም ጋር አይቀመጥ፤ ፊቱ ያሳብቃል። ሁሉም እኩል የቀዘቀዘ ይሁን፤ ቅዝቃዜ ጣፋጩንም ሽታውንም ይደብቃልና አንዱ ከማቀዝቀዣ፣ አንዱ ከጓዳ ቢመጣ ፍርዱ ከንቱ ነው። መጀመሪያ አሽትቱ። በመካከሉ ውኃና ቁራሽ ዳቦ ይኑር፤ በርበሬ የነካው ምላስ ለዚያ ምሽት አይፈርድም። መኪና የሚነዳ ሰው ቀምሶ ይትፋ፤ ነውር የለውም፣ ባለሙያዎቹም ይተፋሉ። ከሁሉ በላይ ሁሉም ጽፎ ሳይጨርስ ማንም አፉን አይክፈት፤ አንድ ትልቅ ሰው «እህ! ይሄማ...» ካሉ የቀረው ሰው ሁሉ እሳቸው ያሉትን ይቀምሳል። መጠጥ የማይጠጡ አባሎቻችንና ልጆች በማር፣ ቡናም በሚጠጣበት ቤት በቡና ይሞክሩት። የሐረር፣ የይርጋ ጨፌና የኬንያ ቡና አንድ ላይ ተቆልቶ ሲቀርብ ስንት ሰው እንደሚጣላ ታያላችሁ። እኛም ሱቃችን ውስጥ ማር ለሚገዛ ሰው አሁን ሁለት ሳህን በቁጥር እናቀርባለን፤ መርጦ ከቀመሰ በኋላ ነው ዋጋውን የምንነግረው። ገበያችን ትንሽ ቀንሷል፤ የኪቱዩ ማር ግን ከመደርደሪያ ላይ አይውልም።

የዛሬው ጠጅ በወዲያኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለት ጋን ናቸው፤ የሁለቱም እናቶች ነው። ስም አልተጻፈበትም፤ አንድና ሁለት ብቻ ተብሏል። ወረቀትና እርሳስ በሩ አጠገብ አለ። ኮሮጆው ከራት በኋላ ይከፈታል።