ሠላሳ ቀን አገር ቤት

በሳምንት አንዲት የዕረፍት ቀን እያለቻችሁ እሷን ይዛችሁ እዚህ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በመስከረም ሄጄ ከመጣሁ ወዲህ እዚህ አል ማቃም የምታገኙኝ ሁሉ የምትጠይቁኝ አንድ ዓይነት ነው። ትኬቱ ስንት ነው? ስንት ኪሎ ይፈቅዳሉ? ከአቡ ዳቢ ይሻላል ከዱባይ? ይኼንን ሻይ ላይ እንጨዋወተዋለን። ማህበራችን "ተናገሪ" ሲለኝ የተነሳሁት ግን ማንም ስላልጠየቀኝ ነገር ልናገር ነው። ከአውሮፕላኑ ከወረዳችሁ በኋላ ስላሉት ሠላሳ ቀናት።

ከወሎ፣ ከሐይቅ የወጣሁት በጥር 2005 ነው። ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር። የተመለስኩት በመስከረም 2018፤ አሥራ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር መሆኑ ነው። "እንዴት አስቻለሽ?" የሚል ሰው አይጠፋም፤ እናንተ ግን ታውቁታላችሁ። እኔ ከወጣሁ በዓመቱ ሳይሞላ፣ ጥቅምት 2006 ላይ፣ መንግሥት ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መውጣትን ከለከለ። ክልከላው እስከ 2010 ቆየ። በዚያ ጊዜ "ልጄን አይቼ ልምጣ" ብሎ የሄደ ሰው በሕጋዊ መንገድ ተመልሶ መውጣቱ እርግጥ አልነበረም። ክልከላው ሲነሳ አሠሪ ቀየርኩ። ቀጥሎ ኮሮና መጣና አውሮፕላኑም ቆመ። ከዚያ ጦርነቱ። ጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ የሐይቅ ስልክ ተቋርጦ፣ እናቴና ልጄ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳላውቅ ስንት ሌሊት አነጋሁ። መሬት ስወለውል ስልኬን ጡቴ ሥር አድርጌ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው አሥራ ሁለት ዓመት የሚሞላው፤ ማንም ቁጭ ብሎ "አሥራ ሁለት ዓመት አልሄድም" አይልም።

አሁን ስለ መብታችን ትንሽ ልበል። ከዲሴምበር 15፣ 2022 ጀምሮ የሚሠራው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የ2022 ቁጥር 9 የሚባለው፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ከክፍያ ጋር ይሰጠናል። በየሁለት ዓመቱም አገራችን ደርሰን የምንመለስበት ትኬት በአሠሪው ወጪ ነው። ፓስፖርታችንም በእጃችን መሆን አለበት ይላል። ብዙዎቻችን ትኬቱን በገንዘብ ቀይረን እንልከዋለን። የሚያስገድድ ችግር ያለባትን አልወቅስም። ግን "ማዳም ደስ ካላት ትሰጠኛለች" ብላችሁ እንደ ስጦታ አትለምኑት፤ ስጦታ አይደለም። ሌላው፣ ኢቃማ ያላችሁ እናንተ ከአገር ውጭ ከስድስት ወር በላይ ከቆያችሁ ኢቃማው ይወድቃል። "ትንሽ ልሰንብት" ያለች እህት ይኼን ትቁጠር።

ኢቃማ የሌላችሁም እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የ2024ቱን ምህረት ታስታውሳላችሁ። ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ለሁለት ወር ተባለ፣ ኋላ እስከ ዲሴምበር 31 ተራዘመ። በአቡ ዳቢ ኢሚሬት ከተመደቡት ቦታዎች አንዱ ይኼው የኛ አል ማቃም ነበር። ቅጣት የለም፣ አሻራ ሰጥቶ መውጣት ነው፣ ተመልሶ ለመምጣትም እገዳ የለም። አንዲት ጓደኛዬን ዓረብኛ ላስተረጉምላት አብሬያት ሄጄ ነበር። ፓስፖርቷ ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኖት በሌሴ ፓሴ ነው የወጣችው። መውጫውን ስትቀበል 14 ቀን ተሰጣት። ከደስታዋ ብዛት ወረቀቱን ሳመችው። ማታ ግን ደውላ ምን አለችኝ? "አሥራ አራት ቀን ለሻንጣ ይበቃል፤ ለኔ ግን አይበቃኝም።" ያኔ አልገባኝም ነበር፤ የገባኝ ዘንድሮ ነው።

የሻንጣውን ነገር በአጭሩ ልጨርሰው። ብርድ ልብስ በገመድ ጠፍራችሁ አትሂዱ። ዱባይ ኤርፖርት ከ2017 ጀምሮ ቅርጹ ያልተስተካከለና ድቡልቡል ዕቃ አይቀበልም። እዚያ ወረፋ ላይ ቆማችሁ፣ ሰው እያያችሁ፣ ስትፈቱ ማየት ያሳዝናል። እኔ ከአቡ ዳቢ ነው የበረርኩት፤ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዚያ ይነሳል። አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ በቃ። አሥራ ሁለት ዓመት ያለቀስኩለት መንገድ አንድ ልብስ ተኩሶ የመጨረስ ያህል ነው። የአውሮፕላኑ ጎማ ቦሌን ሲነካ ከኋላዬ አንዷ እልል አለች፤ ሌሎቹ ሳቁባት፣ ከዚያ ራሳቸው አለቀሱ። የመኪናው መንገድ ሰላም አይደለም ስላሉኝ እስከ ኮምቦልቻም በአውሮፕላን ሄድኩ። ሀረጎን በታክሲ ስንወጣ አደይ አበባው ገደሉን ሁሉ አልብሶት ነበር።

እንግዲህ ልጄ።

በስልክ ሁልጊዜ "አንቺ" ነበር የምትለኝ። "መቼ ነው የምትመጪው? ጫማውን ላክሽው?" ደጃፍ ላይ ስደርስ አንዲት ረጅም ልጅ፣ እኔን የምታህል፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣችና ጎንበስ ብላ "ደህና ገቡ?" አለችኝ።

ደህና ገቡ! እንደ እንግዳ፣ እንደ ቄስ ወይም እንደ ሼህ። እናቴን ደግሞ "እማ" ነው የምትላት። እናቴ ደነገጠች፤ "እናትሽ እኮ ናት፣ ምን አንቱ ያስብልሻል? አንቺ በያት!" ብላ ተቆጣቻት። ጎረቤቱም ተቀበለ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ። እኔ "ተዉአት" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? አሥራ ሁለት ዓመት ያጠበቻት፣ ታማ ያደረችላት፣ በጦርነቱ ጊዜ ይዛት የሸሸችው አያቷ ናት። የኔን ድምፅ ነው የምታውቀው፤ አካሌን አታውቀውም። ሰው ደግሞ የማያውቀውን አካል ያከብራል እንጂ አይለምድም።

ይኼን ለምን እነግራችኋለሁ? ልጅ ትታችሁ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። የመጀመሪያው ቀን እቅፋችሁ ውስጥ ካልገቡ "ልጄ ጠላኝ" ብላችሁ እንዳትወድቁ ነው። ስንቷ በዚህ ምክንያት ሳምንት ሳይሞላት ዘመድ ቤት ሄዳ ስታለቅስ ከርማ እንደተመለሰች አውቃለሁ። እኔ ያደረግሁት ትንሽ ነገር ነው። ስጦታውን በአንድ ቀን አላወጣሁትም። ሌሊት ከሷ አልጋ አጠገብ መሬት ላይ አነጠፍኩ። ጠዋት ውኃ ስትቀዳ አብሬ ሄድኩ። "እናት ልሁንሽ" አላልኳት።

አንድ ቀን፣ አሥራ ዘጠነኛው ቀን ይመስለኛል፣ ደጅ ላይ ተቀምጠን ፀጉሯን ሹሩባ እየሠራኋት ነበር። ፊቷ ወደ ሐይቁ ነው፣ አላየችኝም። ድንገት "ማታ ማታ ስንደዋወል ከኋላሽ የሚያለቅሰው ልጅ ማነው?" አለችኝ።

እጄ ቆመ። ከኋላሽ አለች፤ "አንቺ" ማለቷን ራሷም ልብ አላለችም።

የማሳድገው ልጅ ነው አልኳት። ስሙን ነገርኳት። "ሲያለቅስ ምን ታደርጊዋለሽ?" አለች። አዝለዋለሁ፣ አልኩ። "እሹሩሩ ትይዋለሽ?" አዎ። "በአማርኛ?" አዎ፣ በአማርኛ። ዝም አለች፣ ረጅም ዝምታ። ከዚያ "እኔንም ትይኝ ነበር?" አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየሌሊቱ፣ አልኳት። ሌላ የተነጋገርነው የለም፤ ሹሩባውን ጨረስኩላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አንቱታው ቀረ።

እህቶቼ፣ ልጆቻችን በስልኩ ውስጥ ከኛ ድምፅ በላይ የሚሰሙት አለ። የሌላ ልጅ ለቅሶ፣ የማዳም ጥሪ፣ የሳህን ኳኳታ። እኛ "አይገባቸውም" እንላለን። እኔ እንደገባኝ ግን የልጅየዋ አንቱታ ግማሹ አለማወቅ፣ ግማሹ ቂም ነበር። የጠየቀችኝን ሳልሸሽ መመለሴ ካመጣሁላት ስልክ በላይ ጠቅሟታል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ብሩ ልምጣ፤ ሳቅ አልኳችሁ? ያስለቅሳልም እኮ። እኔ ስወጣ አንድ ድርሃም አምስት ብር ገደማ ነበር። ደሞዜ 700 ድርሃም፣ በብር 3,500 መሆኑ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ድርሃም አርባ ብር አካባቢ ደርሷል። ዛሬ 1,200 ድርሃም አገኛለሁ፤ የሰፈሩ ሰው ስልኩ ላይ አስልቶ "ወደ ሃምሳ ሺህ ብር ታገኛለች" ይላል። እውነት ነው። ጤፉ ግን በኩንታል ከአሥር ሺህ ብር በላይ መሆኑን አብሮ አያሰላም። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ቡና ይፈላል፣ በግ ይታረዳል፣ የሚስቅም የሚያለቅስም ይመጣል። ሁሉም ወዶኝ ነው የመጣው፣ አልጠራጠርም። ወደ ማታ ግን አንድ በአንድ ጥግ ይጠሩኛል። "ለልጁ ትምህርት ቤት"፣ "ለቆርቆሮ"፣ "እኔንም ውሰጂኝ"።

እኔ ከመሄዴ በፊት የማጠፋውን ቆርጬ፣ የቀረውን እዚሁ ባንክ ትቼ ነበር የሄድኩት። ስለዚህ "የለኝም" ስል ውሸት አልነበረም፤ እዚያ ያለኝ ያ ብቻ ነበር። ለእናቴ ብቻ ሁሉንም ነገርኳት። የሐዋላ ደረሰኞቼን በፌስታል ይዤላት ሄጄ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ልጄ ናት ያነበበችላት። ይቺ የወንድምሽ ኮሌጅ፣ ይቺ የቆርቆሮው፣ ይቺ የጦርነቱ ጊዜ። ሲያልቅ እናቴ "ይኼን ሁሉ ከበላን አንቺ ምን በላሽ?" አለችኝ።

አንድ የሳቅ ነገር ልንገራችሁ። ስወጣ እናቴ የሰጠችኝን መቶ ብር ሳልነካት እስካሁን ይዤአት ነበር። ገንዘቡ በመስከረም 2013 ተቀይሯል፤ አሮጌዎቹ 10፣ 50 እና 100 ብሮች ለመቀየር የተሰጣቸው ሦስት ወር ነበር። እዚህ ያለን ሰዎች ደግሞ በረራውም ሥራውም እንደዚያ ሆኖ ማን ይሄዳል? ሻንጣችሁ ሥር ያለውን እዩት። የኔዋን ለእናቴ መልሼ ስሰጣት "ያኔ ዶሮ ትገዛ ነበር" ብላ መሶቡ ውስጥ አስቀመጠቻት።

አሁን ከባዱን። አንዲት እህታችን፣ ብዙዎቻችሁ ታሪኳን ሰምታችኋል፣ ዘጠኝ ዓመት የላከችበት ቤት በዘመድ ስም ተሠርቶ፣ በዘመድ ስም ተሸጦ ነው የጠበቃት። ሰነዱን ሳየው ጠቅላላ ውክልና ነበር የሰጠችው፤ "ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ" የሚል አለበት። ውክልና በቆንስላ ስትሰጡ ያንን መስመር ጣታችሁን አድርጋችሁ አንብቡት። ለግንባታ ከሆነ ለግንባታ ብቻ ይባል። ሰጥታችሁም ከሆነ መሻር ይቻላል። አገር ቤት ስትደርሱም በመጀመሪያው ሳምንት ፋይዳ መታወቂያ አውጡ፤ አሁን ባንክ የሚጠይቀው እሱን ነው። በራሳችሁ ስም ደብተር ሳትከፍቱ እንዳትመለሱ። ዘመዱ ይቀየማል? ይቀየም። ቅያሜ ይታረቃል።

የመመለሻዬን ቀን ለልጄ የነገርኳት በደረስኩ በሁለተኛው ቀን ነው። ሰው ሁሉ "ለልጅ አይነገርም፤ ተኝታ ሳለ ሂጂ" አለኝ። በ2005 ተኝታ ሳለች ነው የሄድኩት፤ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ምን ብዬ አስረዳታለሁ? ዘንድሮ ግን አሥራ አምስት እየሞላት ነው። ተቆጣች፣ ሁለት ቀን አኮረፈች። ሐይቅ አውቶቡስ ተራ ድረስ ግን ሻንጣዬን የያዘችው እሷ ናት። የሚቀጥለው ትኬቴ በ2027 ነው፤ ውሉን አሳይቻት ቀኑን በአማርኛ ገልብጣ ደብተሯ ጀርባ ላይ ጽፋዋለች። እስከዚያ ደግሞ ስትደውል ልጁ ካለቀሰ "አዝይው እንጂ!" ትለኛለች።

ከዚህ በላይ አላስቸግራችሁም። በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ሁለት ዓመት የሚሞላችሁ ውላችሁን ይዛችሁ በስተቀኝ በኩል ተቀመጡ፤ ወረቀቱ ከሌላችሁ በስልክ ያነሳችሁት ፎቶም ይበቃል። ዓረብኛውን አብረን እናነበዋለን። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እንጀምር።