ሸክላ ማዳመጥና የመሐንዲስ ጆሮ



በዚህ መድረክ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ትራንስፎርመር ሳይሆን ስለ ሙዚቃ ሸክላ እንድናገር ስለተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። ሙዚቀኛ አይደለሁም። ነባሮቹንም ሆነ አዲስ ሙከራ የተደረገባቸውን አልበሞች እያፈላለግሁ ማዳመጥ የሚወድ ሰው ነኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ነው። ይህ አልበም በ1959 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ፣ በሁለት ቀን ብቻ ተቀረጸ፤ ይኸውም ማርች 2 እና ኤፕሪል 22 ነው። «ሶ ዋት» የተባለው የመክፈቻ ዜማ በአንድ ቅኝት ረጅም ጊዜ ይቆይና ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ከዚያም ወደ ነበረበት ይመለሳል። በትዝታና በባቲ ላደገ ጆሮ በአንድ ቅኝት ውስጥ መሰንበት እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ ጃዝ የማይወዱ ዘመዶቼ እንኳ ይህን ሸክላ ሳያማርሩ ያደምጡታል።

አኮርዲዮን የሚጫወቱ አንድ አጎት አሉኝ። አንድ ቀን ከሸክላው ጋር አብረው ሊጫወቱ ሞከሩና «ይህ ሸክላ ከእኔ ጋር አልስማማ አለ፤ ከፍ ብሎብኛል» አሉኝ። እኔም በመሐንዲስነቴ ተመክቼ «ጋሼ፣ የአኮርዲዮኑ ምላሶች አርጅተው ይሆናል» አልኋቸው። አጎቴ አልተከራከሩኝም። ሸክላው ሲገለበጥ ግን ሁለተኛው ገጽ ከአኮርዲዮኑ ጋር ፍጹም ገጠመ። «እንግዲህ ልጄ፣ አኮርዲዮኔ በአምስት ደቂቃ ወጣት ሆነ ማለት ነው?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

ጥፋቱ የማጫወቻው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ገጾች እኩል በተዛቡ ነበር። ያም ሆኖ 180 መስመር ያለበትን መፈተሻ ክብ ወረቀት በማጫወቻው ላይ አኑሬ በ50 ኸርዝ መብራት ሥር አየሁት፤ መስመሮቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። (የመብራታችን ኸርዝ ራሱ በዚያን ምሽት 50 መሆኑን የኃይል ማመንጫ ባልደረቦቻችን ይመስክሩልኝ።)

እውነቱ ከዚያ በኋላ ተገለጠልኝ። በማርች 2ቱ ቀረጻ ላይ ዋናውን ክር ይስብ የነበረው መሣሪያ ከተገቢው ፍጥነት ዝግ ብሎ ይዞር ነበር። ዝግ ብሎ የተቀረጸ ክር በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ቶሎ ያልቃል፤ ድምፁም ከፍ ይላል። ግማሽ ድምፅ በድግግሞሽ ወደ 6 በመቶ የሚጠጋ ልዩነት ሲሆን፣ የዚህ ሸክላ ጉድለት ከዚያ ያነሰ ነው። ስለሆነም ተራ አድማጭ አይነቃበትም፤ መሣሪያው የማይቃኝለት አኮርዲዮን ተጫዋች ግን ይነቃበታል። የመጀመሪያው ገጽ ሦስት ዜማዎች በሙሉ የዚያን ዕለት የተቀረጹ በመሆናቸው ጉድለቱ በአንድ ወገን ብቻ ቀረ። እንደ እድል ሆኖ በዚያው ዕለት ለመጠባበቂያ ሌላ መቅረጫ በትክክለኛ ፍጥነት ይሠራ ስለነበረ፣ በ1992 በዚያ ክር ተመርኩዘው አርመው አወጡት። የእኔ ሸክላ ግን ከዚያ በፊት የታተመ ነው።

መሣሪያው ሳይታሰብ ሙዚቃውን የለወጠበት ታሪክ ይህ ሲሆን፣ ሆን ተብሎ የተደረገበትም አለ። ብራያን ኢኖ በ1975 ባወጣው «ዲስክሪት ሙዚክ» አንዱ መቅረጫ የቀረጸውን ክር ሌላው ተቀብሎ ያጫውተዋል፤ ድምፁም ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ይገባል። የአልበሙ ጀርባ ላይ የታተመው እኛ በየቀኑ የምንሥለውን የመሰለ የአሠራር ንድፍ ነው። ዜማው ከ30 ደቂቃ በላይ በአንድ ገጽ ላይ መስፈሩም ቀላል አይደለም፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥር የሸክላው ቦዮች ይጠባሉ፤ የድምፁም ኃይል ይቀንሳል። ሙዚቃው ራሱ ዝግተኛ ስለሆነ ይህ አልጎዳውም። እውነቱን ለመናገር ግን ከዜማው ይልቅ ንድፉን ብዙ ጊዜ ተመልክቼዋለሁ።

የታረመውን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ገዝቼ ለአጎቴ ወሰድሁላቸውና ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አኮርዲዮናቸውን አንሥተው አብረው ተጫወቱ፤ በሁለቱም ገጽ ገጠመ። ሲጨርሱ ግን «ያኛው ትንሽ ይቸኩል ነበር፤ ለምጄው ነበር» አሉ። እኔም እንደዚያው ነኝ። ስለዚህ እሳቸው ቤት ስሄድ አሮጌውን ሸክላ ይዤ እሄዳለሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ እስኪያልቅ አኮርዲዮኑ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።