ለሁለት የምትሆን ጀልባ

እሷ፦ ካርቱም፣ ጀሪፍ፣ ዓባይ ዳር፤ ብዙ ወገኖቻችን የኖሩበት ሰፈር። ባል የሸራ ጀልባ ነፍሱ ነው፣ ሚስት ግን ጀልባ ነድታ አታውቅም እንበል። ምን ይግዙ?

እሱ፦ ፈጣኗን ትተው የማትናወጠዋን! ወገቧ ሰፊ፣ ሸራዋ አነስተኛ፣ መቀመጫዋ ጠለቅ ያለ። ጠባቧ የእሽቅድምድም ጀልባ ነፋስ ሲመታት ቶሎ ታጋድላለች፤ ጀማሪን ታስደነግጣለች።

እሷ፦ የሸራውን ግርጌ የሚወጥረውንም አግዳሚ ልብ በሉ። ጀልባዋ ስትዞር ከጎን ወደ ጎን ይወረወራል፤ ከተቀማጭ ራስ በላይ ይሁን።

እሱ፦ ወንዙም ያግዛል። ከኅዳር እስከ የካቲት የሰሜኑ ነፋስ ሽቅብ ይወስዳል፣ ወራጁ ውሃ ይመልሳል። በነሐሴ ግን ከደጋችን የሚወርደው ሙላት ለጀማሪ አይሆንም።

እሷ፦ ካርቱም የመርከብ ወግ አላት፤ በ1898 እ.ኤ.አ. ኦምዱርማን ላይ የተዋጋችው የጦር ጀልባ መሊክ ኋላ የሸራ ጀልባ ክበብ ቤት ሆናለች።

እሱ፦ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተነሳው ጦርነት ግን የጀሪፍን ሰው በትኗል። ሰላሙን ያውርድልን።

እሷ፦ አሜን። ባሕር ዳርም ሆነ ቢሾፍቱ ላሉ ጥንዶች ምክሩ ያው ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት የሕይወት አድን ጃኬት ልበሱና መሪውን ሚስት ትያዝ።

እሱ፦ እሷ ካልወደደቻት፣ አትግዟት።