የመተግበሪያ ክብደት በሁለት መዝገብ፦ ማከማቻና ማህደረ ትውስታ



 የዛሬው ርዕሴ የድር መተግበሪያና በልማድ ኔቲቭ የምንለው፣ ለአንድ ስርዓተ ክወና ተለይቶ የሚጻፈው መተግበሪያ በክብደት እንዴት እንደሚነጻጸሩ ነው። ከራሴ ስህተት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ተቋም የምዝገባ ቅጽ በድር መተግበሪያነት ሠርቼ ነበር። መጠኑ ከ1 ሜጋባይት በታች ስለነበር ቀላል ነው ብዬ ኮራሁበት። ብዙም ሳይቆይ አንዲት አመልካች ስልኳን ይዛ መጣች። ረጅሙን ቅጽ ሞልታ፣ በአጭር መልእክት የደረሳትን የማረጋገጫ ቁጥር አይታ ስትመለስ ቅጹ ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ሦስት ጊዜ ሞክራለች። በቢሮዬ ኮምፒውተር ብሞክር ችግሩ አልታየኝም፤ 1 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ባለው በእርሷ ስልክ ስሞክር ግን ወዲያው ታየኝ።

እኔ የለካሁት ማከማቻን ነበር፤ የጎደለው ግን ማህደረ ትውስታ ነው። ጎተራው የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ በአንድ ጊዜ የሚጋገረው ምጣዱ የቻለውን ያህል ብቻ ነው።

የድር መተግበሪያ በማከማቻ ረገድ የሚያንሰው ማስኬጃውን ይዞ ስለማይመጣ ነው። ማስኬጃው አሳሹ ነው። ገጹ ሲከፈት አሳሹ የገጹን መዋቅር በማህደረ ትውስታ ይገነባል፤ ጃቫስክሪፕቱን ያስኬዳል፤ የታመቁትን ምስሎች ይፈታል። ርዝመቱም ወርዱም 1000 ፒክስል የሆነ ምስል በፋይልነቱ 100 ኪሎባይት ቢሆን እንኳ፣ ለአንድ ፒክስል 4 ባይት ሲታሰብ፣ ከተፈታ በኋላ ወደ 4 ሜጋባይት ይይዛል። ማህደረ ትውስታ ሲጠብ አንድሮይድ ከጀርባ ያለውን ሥራ ይዘጋል። ተጠቃሚው ሲመለስ ገጹ እንደ አዲስ ይጫናል። የእኔ ቅጽ በጃቫስክሪፕት የተገነባና የተጻፈውን የትም የማያስቀምጥ ስለነበር፣ የአመልካቿ ድካም አብሮ ጠፋ።

በኮምፒውተር ላይ ደግሞ የኤሌክትሮንን ምሳሌ እንውሰድ። ጊትሃብ እ.ኤ.አ. በ2013 አቶም ሼል በሚል ስም የጀመረው ይህ መሣሪያ፣ አንዱን ኮድ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ለማስኬድ ያስችላል። ለዚህም እያንዳንዱ መተግበሪያ የራሱን ክሮሚየም ተሸክሞ ይመጣል። ሦስት እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎችን የጫነ ሰው ሦስት አሳሽ ጫነ ማለት ነው። ታውሪ የተባለው መሣሪያ በስርዓተ ክወናው ውስጥ ያለውን የድር ማሳያ ስለሚጠቀም የሚወርደው ፋይል እጅግ ያንሳል። ይሁን እንጂ ያም ማሳያ ሲሠራ ማህደረ ትውስታ መያዙ አይቀርም። እዚህም ሁለቱን መዝገብ ለየብቻ ማንበብ ያስፈልጋል።

ታዲያ ሁሉን በኔቲቭ እንጻፍ ማለቴ ነውን? አይደለም። ኔቲቭ መተግበሪያ አሳሽን መሸከም ስለማያስፈልገው በማህደረ ትውስታ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን ለየስርዓተ ክወናው ለየብቻ መጻፍና መጠገን ይጠይቃል፤ ተጠቃሚውም አስቀድሞ በራሱ ዳታ ማውረድ አለበት። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚሞላ ቅጽ ይህ ከባድ ዋጋ ነው። ከጀርባ ሲሆን መዘጋትም ለእርሱ አይቀርለትም።

ስለዚህ ቅጹን በድር ላይ ተውሁት፤ ሆኖም እያንዳንዱ መልስ እንደተጻፈ በአሳሹ ኢንዴክስድ ዲቢ ውስጥ እንዲቀመጥ፣ ምስሎቹም በሚታዩበት ልክ እንዲያንሱ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ገጹ ቢዘጋም የተጻፈው አይጠፋም።

ውድ ተማሪዎች፤ ሥራ የሚያቀልልንን መሣሪያ መምረጥ ነውር አይደለም። ነገር ግን እኛ የቆጠብነው ጊዜ በተጠቃሚው ስልክ ላይ ዕዳ ሆኖ ሊመዘገብ እንደሚችል አንርሳ። መተግበሪያችሁን ከማስረከባችሁ በፊት፣ ይጠቀሙበታል ከምትሏቸው ሰዎች መካከል ደካማውን ስልክ የያዘውን ፈልጉ፤ በዚያም ላይ ለኩት።