ልጆቹ ይቅሩ



በዘጸአት ምዕራፍ 10 ፈርዖን ለሙሴ አንድ ሐሳብ ያቀርባል፤ ወንዶቹ ሄደው ያምልኩ፣ ልጆቹ ግን ይቅሩ የሚል። አያችሁት ተንኮሉን? አምልኮውን አልከለከለም እኮ! ልጆቹ ግብፅ ከቀሩ አባቶች የት ይደርሳሉ?

ይህ ነገር በጀርመን ታይቷል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓርቲዎቹ ወጣቱን ይሻሙ ነበር። ሶሻል ዴሞክራቱም ኮሚኒስቱም የየራሱ የወጣት ማኅበር ነበረው። የናዚው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1926 «የሂትለር ወጣቶች» ተባለ። በ1932 መጨረሻ አባላቱ 100 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ሂትለር ሥልጣን በያዘ በዓመቱ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን አለፉ። የሌሎቹ ፓርቲዎች ማኅበራት ተዘጉ።

ልጆቹን ምን ሳባቸው? ዩኒፎርሙ፣ መዝሙሩ፣ የድንኳን ካምፑ። ከሁሉም በላይ ግን ኃላፊነት ነው። ወጣትን ወጣት ይምራው የሚል መርሕ ነበራቸው። ቤት ውስጥ ዝም በል የሚባለው ልጅ እዚያ አለቃ ሆነ። በዚያው መካከል ጎረቤቱን አይሁዳዊ እንዲጠላ ተማረ።

ቤተ ክርስቲያንስ? በታኅሣሥ ወር 1933 የፕሮቴስታንቱ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ጳጳስ ሉድቪግ ሙለር ከሂትለር ወጣቶች መሪ ከባልዱር ፎን ሺራክ ጋር ውል ፈረመ። የራሷ የወጣት መሪዎች እየተቃወሙ፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቿ ለፓርቲው ማኅበር ተሰጡ። ለእርስዋ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሰዓት ተረፈላት፤ ስፖርቱንና ካምፑን ፓርቲው ወሰደ። ቆይቶ እሑድ ጠዋትም በሰልፍ ይያዝ ጀመር። በ1939 አባልነት ግዴታ ሆነ። በ1945 በርሊን ስትከበብ ጢም ያላወጡ ልጆች ፀረ ታንክ መሣሪያ ይዘው ተሰለፉ። ብዙዎቹ አልተመለሱም።

ወላጆች ሆይ፣ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ሆይ፣ እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። ልጃችንን እሑድ ሁለት ሰዓት ለጌታ ሰጥተን የቀረውን ሳምንት ለጠራው ሁሉ ከለቀቅን፣ ያንኑ ውል ፈረምን ማለት አይደል? ወጣቱን «የነገ ቤተ ክርስቲያን» እያልን ዛሬ ከኋላ ወንበር አናስቀምጠው። ሥራ እንስጠው፤ ሲሳሳትም እንታገሠው። እኛ ያልሰጠነውን ቦታ ሌላው አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

አንተም ወጣት ሆይ፣ የሚጠራህን ሰው አንድ ነገር ጠይቀው፦ ማንን እንድጠላ ነው የምትፈልገው? መልስ ካለው፣ አትከተለው።

ሙሴ አንድም ልጅ እንዲቀር አልተስማማም። እኛም አንስማማ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። አሜን።